ለሽኮኮዋ የፈቀድኩት የብርብራ ፍሬ

ጥበቃ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ካሉት የኮንዶሚኒየም ግቢዎች የአንዱን በር ከሚከፍቱና ከሚዘጉ ሦስት ሰዎች አንዱ። ይህን ሥራ ከመያዜ በፊት ገበሬ ነበርኩ፣ ያውም እዚሁ መሬት ላይ። ዛሬ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። መኪና የሚቆምበት ደግሞ የበሬዎቻችን በረት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ፣ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት አይገባችሁም።

ጥበቃ ሆኜ አዋቂ ነበርኩ። ማለቴ የግቢው ሰው አዋቂ አደረገኝ፣ እኔም ሳላቅማማ ተቀበልኩ። ግቢውን የሞላው ከየቦታው የመጣ ሰው ነው፤ አፈሩንም ዛፉንም አያውቀውም። ዳማከሴ የት እንደሚገኝ ሲቸግረው፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ ሲያሳስበው “ጋሽ በዳዳን ጠይቁ፣ የአገሩ ሰው ናቸው” ይባላል። መሬቱ ከእጁ የወጣ ሰው እንዲህ ሲባል ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። የማውቀውን እመልስ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማላውቀውንም እመልስ ነበር። “አላውቅም” ማለት መሬቱን ሁለተኛ ጊዜ አሳልፎ መስጠት ይመስለኝ ነበር።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱ የከድጃ ነው። ከድጃ የስልጤ ሰው ናት፤ ሥራ የማይደክማት፣ ቁም ነገረኛ ሴት። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ለእኔ በፔርሙስ ሻይ የምታወጣልኝ እሷ ነበረች። ባሏ ሸምሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሞያሌ መስመር ስለሚሠራ ቤቱ የሚገኘው በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ሒክማ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሸምሱ ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ ለልጁ ሽኮኮ ይዞላት መጣ። ገደል ላይ የምትኖረውን፣ ጭራ የሌላትን ሽኮኮ ማለቴ አይደለም። ይህቺ ዛፍ ላይ የምትኖረዋ ናት፤ ከአይጥ ትንሽ የምትበልጥ፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም። መንገድ ዳር ልጆች አንጠልጥለው ሲሸጧት አሳዝናው ነው የገዛት። ገና ግልገል ስለነበረች ጥርሷ በቅጡ አልጠነከረም። ሒክማ ሚጢ የሚል ስም አወጣችላት። አባቷ ሲናፍቃት ሚጢን ሹራቧ ውስጥ ከትታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ስታወራት እሰማ ነበር፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኞቿ፣ አባቷ አሁን የትኛው ከተማ ደርሶ ይሆናል ስለሚለው ሁሉ።

ሚጢን መመገብ ቀላል አልነበረም። ዳቦ ስትበላ ሆዷን ያማታል። ለውዝ ትወዳለች፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ሒክማ ስልክ ላይ የሽኮኮ ቪዲዮ አየችና ዱር ያሉት የዛፍ ፍሬ እንደሚበሉ ተረዳች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት በሌለበት ቀን ሁሉ ፌስታል ይዛ በግቢው ዙሪያ ስትለቅም ትውላለች። ያገኘችውን ግን ዝም ብላ አትሰጣትም። መጀመሪያ እኔን ትጠይቃለች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ልጅቷ ጠይቃ ነው።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ የካቲት ውስጥ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ አዲስ ነዋሪ አጠገቤ ቆሞ የድሮውን ነገር ይጠይቀኛል። እኔም በዱላዬ አፈሩ ላይ እየሣልኩ የአባቴ ድንበር ከየት እስከ የት እንደነበር አሳየዋለሁ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማኝ። እንዲህ ያለ ሰሚ ካገኘሁ ደግሞ ዓለምን እረሳለሁ። በዚህ መሀል ሒክማ መጣች። ጋሼ አለችኝ፣ ዝም አልኳት። ደገመችኝ። ሦስተኛ ስትጠራኝ ምንድነው አልኳት፣ ዞር ሳልል።

“ይህ የዛፍ ፍሬ ለሚጢ ይሆናታል?”

እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። በዓይኔ ጥግ አንድ ቡናማ፣ ረዘም ያለ ነገር ታየኝ። በአጥሩ በኩል ግራር አለ። በእኛ ጊዜ ፍሬውን ከነቅርፊቱ እያራገፍን ለፍየል እንሰጥ ነበር። ለእኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ረዥም ቡናማ ፍሬ ማለት ግራር ነው።

“ግራር ነው” አልኳት። “ፍየል የሚበላው ነገር ሽኮኮን ምን ያደርጋታል? ስጫት።”

ሰውየው ሳቅ ብሎ ሳያዩት እንዴት አወቁት አለኝ። እኔም የዚህን ግቢ ዛፍ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ አልኩት። እንዲህ ብዬ መኩራራቴን እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ ሰውየውም የረሳው አይመስለኝም።

ሒክማ ግን አልሄደችም። ከነቅርፊቱ ነው ወይስ ፈልፍዬ ብላ ጠየቀች። ፈልፍለሽ አልኳት። ጠንካራ ነው እኮ፣ ጥርሷ አይችለውም አለች። ጥያቄዋ ሁሉ የሚያስተውል ሰው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ድንበሬን ሥዬ ለመጨረስ ጓጉቻለሁ፣ እንድትሄድልኝ ፈልጌያለሁ።

“እናት ለልጇ እንደምታደርገው አላምጠሽ ስጫት” አልኳት።

እሺ ጋሼ ብላ እየሮጠች ሄደች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተመልሳ መጣች። አልሮጠችም። የእናቷን ሻርፕ በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንዳይደፋባት እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ እያለች ነው የመጣችው። ሚጢ ሻርፑ ውስጥ ናት። የኋላ እግሮቿን መሳብ አቅቷታል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ከሁሉ የሚያስፈራው ትንፋሿ ነበር። ሽኮኮ ስትተነፍስ አይታችሁ እንደሆነ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። የሚጢ ግን አንዴ ከፍ ይልና ይቆማል። ቆሞ ይቆያል። አበቃ ስትሉ እንደገና ከፍ ይላል።

ምን ሆና ነው አልኳት። ፍሬውን ከበላች በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ለሃጯ ተዝረበረበ፣ ከዚያ መራመድ አቃታት አለችኝ። የተረፈውን አምጥቻለሁ ብላ ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ አደረገችው።

ይኼኔ አየሁት። ቅርፊቱ ጠፍጣፋና ወፍራም፣ ላዩ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ። የውስጡ ፍሬ ድብልብል ሳይሆን እንደ ሳንቲም ዝርግ። ግራር አይደለም። ብርብራ ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ዶዘሩ የተዋት አንዲት ብርብራ አለች። በበጋ ፍሬዋ ሲደርቅ ቅርፊቱ ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይረጨዋል።

ብርብራ እኔ የማላውቀው ዛፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። አባቴ ፍሬውን ወቅጦ በጨርቅ ይቋጥርና ወንዙ ውስጥ ገብቶ ያሸዋል። ያኔ ወንዙ ዓሣ ነበረው። ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ ሰክረው፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። እኛ ልጆቹ የምንለቅመው ከዚያ በኋላ ነው። እጃችሁን በደንብ ሳትታጠቡ ወደ አፋችሁ እንዳታስጠጉ ይለን ነበር። በተለይ ደጋግሞ የሚለው ለእኔ ነበር፣ ጣት መጥባት ስለማልተው።

ሚጢ እዚያው እጃችን ላይ ሞተች። ሒክማ መጀመሪያ አልገባትም። ሁለተኛ እስክትተነፍስ ትጠብቃለች። እየጠበቀች ቀና ብላ አየችኝ።

አሁን የምነግራችሁን ሳልጽፈው ብቀር ደስ ይለኛል። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየኝ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ እሷ አልነበረም። ከድጃ ምን ትለኝ ይሆን፣ ያ ሰውዬ ምን ብሎ ያወራ ይሆን፣ “የአገሩ ሰው” ብርብራና ግራር አይለይም ይባል ይሆን፣ ይህ ነው የመጣብኝ።

“ብርድ መቷት ነው” አልኳት። “የቆላ እንስሳ ናት፣ የእኛን ብርድ አትችለውም።”

ቀጥሎ ሁለተኛው ሐሳብ መጣ፤ አላምጠሽ ስጫት ብያታለሁ። በግልጽ ነው የመጣው፣ በራሴ ድምፅ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ “አንቺስ አላምጠሻል? ውጠሻል?” ብላት ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ግን እንዲህ ብዬ ከጠየቅኩ ፍሬው መርዝ መሆኑን ማወቄን መናገሬ ነው። ልጅ የተባለችውን ሁሉ መች ታደርጋለች ብዬ ራሴን አባበልኩ። ብታላምጥስ ትተፋዋለች አልኩ። የተረፈውን ፍሬ ጠቅልዬ ቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ከታች አድርጌ ቀበርኩት። ሚጢንም ከአጥሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኳት። ሒክማ አጠገቤ ቆማ አፈሩን በእግሯ ስትመልስ አንዴም አላለቀሰችም። እጇን ግን ደጋግማ በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

ከዚያ ወደ ከድጃ ሱቅ ሄድኩ። ሽኮኮዋ ሞተች፣ ልጅቷ አዝናለች፣ ወተት ስጫት አልኳት። ለምን ወተት አለችኝ። ለሆድ ጥሩ ነው አልኩ። እኛ አገር መርዝ ለቀመሰ ሰው ወተት ነው የሚሰጠው። እንግዲህ አስቡት። ወተት እስከማዘዝ ድረስ ጠርጥሬያለሁ፣ ለመናገር ግን ደፋር አልነበርኩም። ከድጃ አመስግናኝ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሞቅ አድርጋ ሰጠቻት።

አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፣ ከድጃ ቤታቸው ካለበት ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስሜን ስትጠራ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ሒክማ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ወተቱን አስመልሳዋለች። ቁሚ ስትባል ጉልበቷ ይከዳታል። አንስቼ አቀፍኳት፣ ወርጄ ከበሩ ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ከድጃ ጫማዋን እንኳን አልቀየረችም። መንገድ ላይ ደጋግማ “ያ ረቢ” ትላለች፣ በዚያ መሀል ደግሞ እኔን “አላህ ይስጥዎት ጋሽ በዳዳ” ትለኛለች። የልጅቷ ጭንቅላት ደረቴ ላይ ነው፤ ትኩሳት የላትም፣ ይልቅ ትቀዘቅዛለች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቶሎ ነው የተቀበሉን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ግሉኮስ አስቀጠለችላትና ከድጃን ትጠይቅ ጀመር። ጠዋት ምን በላች፣ ምሳ ምን በላች። ከድጃ ፍርፍርም፣ ሩዝም፣ ወተትም ብላ ዘረዘረች። ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ ወይ፣ በረኪና ክፍት ቦታ ተቀምጧል ወይ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት አግኝታ ይሆን ወይ እያለች ሐኪሟ ቀጠለች። ከድጃ በአላህ እየማለች የለም አለች። ይኼኔ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

“እርስዎስ አባቴ፣ ያዩት ነገር አለ?”

“የለም” አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ለማለት ምንም ጊዜ አትወስድም።

ወጥቼ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስኪ ደግሞ አስቡኝ፤ ግድግዳው ላይ እጅን ስለ መታጠብ የሚናገር ሥዕል ተለጥፏል፣ እኔ እሱን አነባለሁ። ለራሴ የማልነግረው ምክንያት አልነበረም። ምናልባት አላላመጠችም። ምናልባት የምሳው ሩዝ ነው። ምናልባት ግሉኮሱ ሲያልቅ ትነሳለች፣ ያኔ ነገሩን ሁሉ በከንቱ ማንሳት ይሆናል። ከድጃ ወጥታ ለሸምሱ ደወለች። መኪናውን ከሐዋሳ ወዲያ የሆነ ቦታ አቁሞ ነው የሚያወራት። ስታወራው ድምፅዋ ሲሰበር ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሸምሱ ብዙ አላወራኝም። እርስዎ ካሉ ልቤ ይረጋል አለኝ።

“ልጄን አደራ፣ ጋሽ በዳዳ” አለኝ።

እሺ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። እናንተ ይኼኔ ተነሥቶ ተናገረ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተናገርኩም። እንደገና ተቀመጥኩ።

የተነሣሁት ከድጃ ገብተው ይዩልኝ፣ ፊቷ ልክ አይደለም ስትለኝ ነው። ገባሁ። ሒክማ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። ደረቷን አየሁ። ከፍ አለና ቆመ። ቆሞ ቆየ። ስምንት ሰዓት ላይ ሻርፕ ውስጥ ያየሁት ትንፋሽ ነው። ያው ራሱ። አካሌ ከእኔ ቀድሞ ወደ ሐኪሟ ሄደ።

“ብርብራ ነው” አልኳት። “የዛፍ ፍሬ ነው። ዓሣ የሚገድል። አላምጣዋለች።”

“ማን ነገረዎት?”

“አሁን ትዝ አለኝ። ለሽኮኮዋ ስትሰጥ አይቻታለሁ።”

ልብ አላችሁ? በዚያች ሰዓት እንኳን ሙሉ እውነት ከአፌ አልወጣም። ሐኪሟ የምትወቅስበት ጊዜ አልነበራትም። የሒክማን አፍ ከፍታ በባትሪ አየች። በመንጋጋዋ መሀል ቡናማ ነገር ተሰግስጓል። ደወለች፣ አፏ ላይ ኦክስጅን ገጠመችላት፣ ሪፈር ጻፈች። ማርከሻ የለውም፤ መርዙ እስኪወጣላት ትንፋሿ እንዳይቆም መታገል ብቻ ነው አለች። አምቡላንሱ ሲመጣ ከድጃ ከልጇ ጋር ገባች፣ እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ሰዓቴን አየሁ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሚጢ ከሞተች ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆየች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በማሽን ነው የተነፈሰችው። ሸምሱ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ በሌላ መኪና መጣ፣ ሐኪሞቹም ለሁለቱም አስረዷቸው። ቅባት ያለው ነገር እንዲህ ዓይነቱን መርዝ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዘዋል፤ ወተቱ ባይሰጣት ይሻል ነበር አሏቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ከድጃ ናት። ወተቱን በእጄ ነው ያጠጣኋት እያለች ደረቷን ትመታለች። ማን ስጪ እንዳላት አላስታወሰችም። አስታውሳም ከሆነ አልተናገረችም።

ሒክማ ዳነች። ዳነች ስል ግን በቃሉ እንዳትረኩ። ትንፋሿ ባጠረባቸው ሰዓታት ጭንቅላቷ ተጎድቷል። ስታወራ ቃሉን ፈልጋ እንደምታገኝ ሰው ትዘገያለች። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከጊዜ ጋር ሊሻላት ይችላል፣ ላይሻላትም ይችላል ተባለ።

ግቢው ውስጥ እኔ ጀግና ሆንኩ። ጋሽ በዳዳ ባያስታውሱ ኖሮ ልጅቷ አልቃ ነበር እየተባለ ተወራ። ያ ሰውዬ እንኳን የሰማውን አላነሣም። ሸምሱ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ጃኬት ገዝቶ አመጣልኝ። ጃኬቱን ተቀበልኩ። ለበስኩትም። ከድጃ ልጇን ማን ይህን ፍሬ ስጫት አለሽ ብላ ደጋግማ ጠይቃታለች፤ ልጅቷ ማንም፣ ራሴ ነኝ ትላለች። ሳይጠይቁ እንዲህ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ አየሽ ብላ እናቷ ተቆጣቻት። ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጃኬቱ ሰውነቴን አቃጠለኝ።

ለምን ደበቀችልኝ? አላውቅም። የስምንት ዓመት ልጅ የሰው ስም አደባባይ እንዳይዋረድ ታስባለች ብዬ አልጠረጠርኩም። እኔ በስልሳ ዓመቴ የእሷን ነፍስ ከስሜ አስበልጬ ማሰብ ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በሦስተኛው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ገዢ የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ ገባሁ። ጃኬቱን አጣጥፌ ይዣለሁ። ከድጃ ስኳር በፌስታል ትቋጥራለች። ሒክማ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ነው የምትጽፈው። ልጅቷ እንድትወጣ ልል ነበር፣ ተውኩት። ጉዳዩ የእሷ ነው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳላይ መመለሴን፣ አላምጪላት ማለቴን፣ ሽኮኮዋ ስትሞት ብርብራ መሆኑን ማወቄን፣ ፍሬውን በርሜል ውስጥ መደበቄን፣ ወተቱን፣ ለሐኪሟ “የለም” ማለቴን። አንዱንም አላስቀረሁም።

የከድጃ እጅ ስኳሩ ላይ ቆመ።

የተናገረችው ሒክማ ናት። ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች።

“ስንቀብራት… ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር፣ ልጄ።”

“ታዲያ… እኔን ለምን አልጠየቁኝም? ዋጥሽ ወይ ቢሉኝ… እነግርዎት ነበር።”

ከድጃም ቀና አለች። መልሱን ሁለቱም ይጠብቃሉ። ያን ቀን ጠዋት ልጅቷ ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ ሦስት ጊዜ ሳላስብ መልሼላታለሁ፤ ለዚህኛው ጥያቄዋ ግን መልስ መምረጥ ጀመርኩ። እናትሽን ፈርቼ ነው ልል ነበር። እሱም ውሸት ነው።

“ለስሜ ፈርቼ ነው” አልኳት።

ሒክማ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ከድጃ ጃኬቱን ከእጄ ተቀበለችና ባንኮው ሥር አስቀመጠችው። ወጣሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንስሳ የምታሳድጉ ካላችሁ፣ መንገድ ዳር የወደቀ የዛፍ ፍሬ ሁሉ ምግብ አይደለም። ፍየል በላው ብላችሁ ለሽኮኮ አትስጡ፤ ዛፉን ስሙን ጠርታችሁ ካላወቃችሁት ይቅርባችሁ። ልጅ ፍሬ ይዞ መጥቶ ቢያሳያችሁ ዞር ብላችሁ እዩት፣ በእጃችሁ ያዙት። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ። ይህን ሁሉ ለማለት ግን ይህን ያህል መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። መሳሳት ሰው ላይ ይደርሳል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሠራሁት ስሕተት አይደለም። ስምንት ሰዓት ላይ፣ እውነቱ መዳፌ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አፌን የዘጋሁበት ነው። ምናልባት ከእናንተም አንዱ አሁን፣ ይህን ሲያነብ፣ የሆነ ነገር አፍኖ ተቀምጦ ይሆናል። ምክንያቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ደርድሬያቸዋለሁ። ተነሥና ተናገር። ወዳጅ ታጣለህ፣ እሱ እውነት ነው። ከዚህ የባሰ የሚታጣ ነገር አለ።

ለሸምሱ ከድጃ ነገረችው። ሊመታኝ ይመጣል ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩት፤ ቢመታኝ እጄን አላነሣም ነበር። አልመጣም። ክስም አላቀረበም። ሚያዝያ ላይ ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፈው ሳሪስ ቤት ተከራዩ። ዕቃቸውን የጫነው ኤፍ ኤስ አር መኪና ወደ በሩ ሲመጣ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሒክማ ጋቢና ውስጥ በእናትና በአባቷ መሀል ተቀምጣለች። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው።